ይሄ ሰውዬ ማን ሞቶበት ነው?

ፍራንሲስታውን፣ ቦትስዋና
ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለሶሊያና፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። ይህ ወረቀት በጤና ተቀምጠሽ፣ ሳቅ ባይኖር እንኳ ቁጣ ሳይኖርብሽ እንዲደርስሽ ምኞቴ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ከብቶቹን ከያዛቸው መዥገር በቀር የሚያስቸግረኝ የለም።

ለምን በደብዳቤ መጣ ትይ ይሆናል። በዚህ ወር ሦስት ጊዜ ደወልኩልሽ፤ ሦስቴም ጆሮዬ ላይ ዘጋሽው። በሦስተኛው "ጋሼ፣ ኔትወርክ የለም" ብለሽ ነው የዘጋሽው። ኔትወርክ የሌለው ሰው እንዲህ ጥርት ብሎ አይሰማም። ደብዳቤ ግን አይዘጋም። ቢቀደድ እንኳ ከመቀደዱ በፊት አንዴ ይነበባል። እኔና እናትሽ ሃያ ሁለት ዓመት በዚሁ የፖስታ ሳጥን ተጻጽፈናል፤ ቁልፉ አንቺ ጋ እንደሆነ አክስትሽ እታፈራሁ ነግራኛለች።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። እህቴ እታፈራሁ ትናንት ደውላ አለቀሰችብኝ። ከአሥራ አንደኛ ክፍል ማቋረጥሽን ሰምቼ ነበር፤ ቀስ ብለን እናስተካክለዋለን ብዬ ዝም አልኩ። አሁን የነገረችኝ ግን ሌላ ነው። "ልጅቷ ብረት ውስጥ ገብታለች። ከባድ ብረት ነው ያለችኝ በገዛ አፏ" አለችኝ። እንዴት ያለ ብረት ነው ብላት "እኔ ምን አውቄ፣ ጆሮዋን ደፍና ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች" አለች።

ልጄ፣ ብረት ማለት ጠመንጃ ከሆነ በፈጠረሽ ጌታ ይዤሻለሁ፣ መልሺው። ብየዳ ከሆነ ደግሞ ሥራ አይናቅም፤ ግን መነጽር አድርጊ። የቱ እንደሆነ ባለማወቄ ዛሬ ሥራ ላይ ልቤ ጠፍቶ አንዷን ላም ሁለት ጊዜ ከተብኳት።

ቶሎ መልሺልኝ። የሚጎድልሽ ካለም ጻፊ።

አጎትሽ ጌታቸው


ሐዋሳ
ግንቦት 17 ቀን 2017

ለጋሼ ጌታቸው፣

ደብዳቤ ጽፌ ስለማላውቅ ሰላምታው ላይ ብሳሳት አይቀየሙኝ። እማዬ ለእርስዎ ስትጽፍ "እንዴት ከርመሃል"ን ብቻ ግማሽ ገጽ ታስኬደው ነበር። እኔ ባጭሩ ነው። ደህና ነዎት? እኛ ደህና ነን። ዝናቡ ገብቷል፤ መናኸሪያ ጋ ያለው መንገድ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ባጃጆቹ እንደ ጀልባ ነው የሚሄዱት። እግዚአብሔር እርስዎንም ከብቶቹንም ይጠብቅ፤ በተለይ ያቺን ሁለቴ የተወጋችውን።

ጠመንጃ ግን! ኧረ ጋሼ! "እማዬ ትሙት" ብዬ ልምልልዎት ነበር፤ ለካ እሱ መሐላ አሁን አይሠራም። ስለዚህ እትዬ እታፈራሁ ይሙቱ፣ ጠመንጃ በእጄ ነክቼ አላውቅም።

ሙዚቃ ነው ጋሼ። ሄቪ ሜታል ይባላል። እትዬ "ሜታል ምንድነው?" አሉኝ፣ "ብረት" አልኳቸው። "ሄቪስ?" አሉኝ፣ "ከባድ" አልኳቸው። ተርጉሚ ተባልኩ፣ ተረጎምኩ። ከዚያ ወዲያ እሳቸው ቦትስዋና ድረስ ብረት ጭነው ቢልኩ የኔ ጥፋት ምኑ ላይ ነው?

ከትምህርቱ ማንም አላባረረኝም። ከእማዬ አርባ በኋላ ክፍል ስገባ ከኋላዬ የምትቀመጠው ልጅ "እናቷ ሞታ አንድ ዘለላ እንባ እንኳ ያላወጣች" ስትል ሰማኋት። ደብተሯን በመስኮት ወረወርኩት። ቦርሳዋንም አስከተልኩለት። መምህሩ "ይቅርታ ጠይቂያት" አለኝ። ይቅርታ ከምጠይቅ መውጣት ቀለለኝ። ወጣሁ፤ ይኸው እስካሁን እንደወጣሁ ነኝ።

የሚያናድደው ልጅቷ እውነቷን ነው። አላለቀስኩም። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ ደረቱን ሲመታ እኔ የተዋስነውን የእድር ወንበር እቆጥር ነበር። ጎረቤታችን እማማ ገበያነሽ "ይቺ ልጅ ልቧ ድንጋይ ነው" ብለው ለሰፈሩ ከንፍሮው ጋር አብረው አድለዋል። ግን እንባው እምቢ አለኝ፣ ምን ላድርግ? ከሆዴ ይነሣና እዚህ ጉሮሮዬ ጋ ሲደርስ ይቆማል። እርስዎም በደወሉ ቁጥር "ተጽናናሽ?" ነው የሚሉት። ያላለቀሰ ሰው ከምኑ ይጽናናል? ለዚያ ነው የምዘጋው።

አሁን መናኸሪያ ፊት ለፊት ጠሀ የሚባል ሰው የሞባይል ቤት እሠራለሁ። ዘፈንና ፊልም እጭናለሁ፤ የባጃጅ ስፒከር መጠገንም እየለመድኩ ነው። ስፒከር ተጠግኖ ሲያልቅ ጠሀ በለስላሳ ዘፈን አይፈትሸውም። "የተቀደደ ስፒከር በለስላሳ ዘፈን ጤነኛ መስሎ ያልፋል፤ ስንጥቁ የሚሰማው ከባዱን ስትለቂበት ነው" ይላል። ለዚህ ብሎ ኮምፒውተሩ ላይ "ፈተና" የሚል ፎልደር አለው። ሥራ በገባሁ በሦስተኛው ቀን አንዱን ከፈተው። ጊታሩ እንደ ወፍጮ ነው፤ ከበሮው ልብ ያቆማል፤ ሰውዬው ደግሞ አይዘፍንም፣ ያገሳል። ጋሼ፣ እኔ ሆዴ ውስጥ ይዤው የምዞረውን ነገር ሌላ ሰው አውጥቶ ሲጮህልኝ ሰማሁት። ጭንቅላቴ ጸጥ አለ። እማዬ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ራበኝና ሦስት ሳምቡሳ በላሁ።

ይኸው ነው ብረቱ። የሚጎድለኝ የለም።

ሶሊያና


ፍራንሲስታውን
ሰኔ 14 ቀን 2017

ለሶሊያና፣

ሰላምና ዕድሜ ከላይ ይስጥሽ፤ ቤቱንም ያሙቅልሽ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ጠመንጃ ባለመሆኑ ተነሥቼ ጸሎት አደረስኩ፤ ብየዳ ባለመሆኑ ደግሞ ትንሽ ቅር አለኝ።

ነገር ግን ልጄ፣ እንደ ታላቅነቴ አንድ ነገር ልበልሽ። የእናትሽ ዓመት ገና አልሞላም። በሐዘን ቤት ዘፈን አይከፈትም። አባታችን ያረፉ ጊዜ ሬዲዮናችን በጨርቅ ተጠቅልሎ አንድ ዓመት ሙሉ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል፤ ዜና እንኳ ከጎረቤት ነበር የምንሰማው። እስከ ሙት ዓመቷ ድረስ ብትታገሺ ምን ይጎዳሻል? ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን ስሚ። ይህን ዓይነቱን ሙዚቃ ሰይጣን አለበት የሚሉም አሉ። አላውቅም፤ ያሉትን ነው የምነግርሽ።

የጻፍሽልኝን ስለ ልቅሶው አይቻለሁ። ምን እንደምልሽ ስላላወቅሁ አሁን አልጽፍም።

የመቃብሩ ድንጋይ ቆሞ እንደሆነ አላወቅሁም። ካላስቸገረሽ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ። በአርባዋና በሰማንያዋ ማን ማን እንደመጣም ጻፊልኝ። ለእታፈራሁ ታዘዢ። የራሷን ቤት ይርጋዓለም ዘግታ የመጣችው ላንቺ ብላ ነው።

አጎትሽ ጌታቸው


ሐዋሳ
ሐምሌ 9 ቀን 2017

ጋሼ ጌታቸው፣

ጤና ይስጥልኝ። ሰላምታው በዚህ ይበቃል፤ ተናድጃለሁ።

ደብዳቤዎን ለእትዬ እኔው ነኝ ያነበብኩላቸው፤ መነጽራቸው ተሰብሮ። "በሐዘን ቤት ዘፈን አይከፈትም" የሚለው ጋ ስደርስ "ድገሚው" አሉኝ። ደገምኩት። "አንዴ ልስማው" አሉ፤ ሠለስኩት። ከዚያ ተነሥተው ጆሮ ማዳመጫዬን በሻሽ ጠቅልለው ቁም ሳጥን ላይ ሰቀሉት። የእናንተ ቤተሰብ ቁም ሳጥን ግን ምን ቢሠራ ነው ሁሉ ነገር እላዩ ላይ የሚታሰረው?

ሥራ ቦታ እሰማለሁ አልኳቸው። "እናትሽ አፈር ውስጥ ሆና አንቺ ትጨፍሪያለሽ?" አሉኝ። ጋሼ፣ በዚህ ሙዚቃ ማንም አይጨፍርም! አንገት ነው የሚሰበርበት! ይህን በጩኸት ስነግራቸው ጎረቤት ሁሉ በር ላይ ወጣ። እትዬ ገቡና ሻንጣቸውን አዘጋጅተው በሩ ሥር አቆሙት። "የእህቴን ዓመት አውጥቼ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። በቀብሯ ያላለቀሰችላት ልጅ፣ ጭራሽ በዓመቷ ስትዘፍን ቆሜ አላይም። ወይ እሱ፣ ወይ እኔ" አሉ። ሻንጣው ይኸው ስምንት ቀኑ። ስገባም ስወጣም እግሬን ይመታኛል።

ሰይጣን ላሉት፣ ሰይጣን እኛ ሰፈር ሥራ በዝቶበታል፤ ጊታር የሚለማመድበት ጊዜ የለውም።

እንዲሄዱ አልፈልግም። ይኼን ለሳቸው አይንገሩብኝ። ጠዋት ጠዋት "ተነሺ፣ አንቺ እንቅልፋም" የሚለኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ብረቱንም ግን አልተውም፤ ብተወው ያ ጸጥታ ይጠፋብኛል። ገንዘብ አልጠየቅሁዎትም፣ ስልክም አልጠየቅሁዎትም። አንድ ነገር ግን ልለምንዎት። ታላቃቸው ነዎት፣ እርስዎን ይሰማሉ። አንድ መስመር ይጻፉላቸው።

የመቃብሩን ፎቶ አልልክም። መጥተው ይዩት።

ሶሊያና


ፍራንሲስታውን
ነሐሴ 30 ቀን 2017

ለሶሊያና፣

አዲሱ ዓመት በደጃችሁ በሰላም ይግባ፤ የደረቀውን ያለምልም። በመዘግየቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። የመጨረሻዋ መስመርሽ ወንበር ላይ አስቀምጣኝ ከረመች።

የሆነውን ልንገርሽ። እዚህ አገር ከላይ እስከ ታች ጥቁር ቆዳ ለብሰው፣ ሰፊ ባርኔጣ ደፍተው፣ ሰንሰለት እያንጠለጠሉ የሚሄዱ ሰዎች አሉ። እስከዛሬ ፊልም የሚሠሩ ይመስሉኝ ነበር። ባለፈው ወር አንዱ እግሯ ያበጠ ፍየል ታቅፎ ክሊኒኬ መጣ። ስሙ ሞዲሴ ነው። ሰላም ሲለኝ እጄን ጨበጠኝ፤ ሁለት ቀን እጄን አመመኝ። ፍየሏን ስወጋት ግን ራሱን አዞረ። የሰው ፍርሃት መቼም በልብሱ አይታወቅም።

መኪናው ውስጥ የሚጮኸውን ነገር ስሰማ ያንቺ ብረት መሆኑን አወቅሁ። "የእህቴ ልጅ ይህን ትሰማለች፤ ምን ይላል?" አልኩት። "ዶክተር፣ ምን እንደሚል እኔም በደንብ አይገባኝም። ግን ይህን ሰምቼ ቤቴ ስገባ ከሚስቴ ጋር አልጣላም" አለኝ። ከዚያ የመኪናውን በር ከፍቶ "ግባ" አለኝ። ገባሁ። አንዱን ከዳር እስከ ዳር አሰማኝ።

አልዋሽሽም፤ አልወደድኩትም። ነገር ግን ካለቀ በኋላ ከመኪናው መውረድ አልፈለግሁም። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሞዲሴም አልጠየቀኝም፤ ሁለታችንም ፍየሏን እያየን ተቀመጥን።

ቀጥሎ ያለውን ለእታፈራሁ አንብቢላት።

"እታፈራሁ እህቴ፣ ባለፈው የጻፍኩትን የጻፍኩት ሳልሰማ ነው። አባታችን ሁለቱን ወገን ሳይሰሙ ፈርደው አያውቁም ነበር። እኔ ሰምቻለሁ፤ አሁን ደግሞ አንቺ አንድ ጊዜ ስሚው። ከሰማሽ በኋላ ዘፈን ነው ካልሽ ዘፈን ነው፤ ልጅቷም እስከ ዓመቱ ትተወው። ፍርዱን ላንቺ ሰጥቻለሁ።"

ይህ ያስማማናል ብዬ አስባለሁ። ስለ ፎቶው አልቀየምኩሽም።

አጎትሽ ጌታቸው


ሐዋሳ
መስከረም 22 ቀን 2018

ለተከበሩ ጋሼ ጌታቸው፣

እንዴት ከረሙ? እውነት እንዴት ከረሙ፤ ዛሬ ቸኩዬ አይደለም። እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረዎት። መስቀልም በሰላም አለፈ። ለሞዲሴና ለፍየሏ ሰላምታ ያድርሱልኝ።

ደብዳቤዎን ሳነብላቸው እትዬ መጀመሪያ ከርስዎ ጋር ተኳረፉ። "ቦትስዋና ሄዶ ከፍየል ጋር ዘፈን ይሰማል" አሉ። በማግስቱ ግን ጥቁር ነጠላቸውን ለብሰው ሱቅ ድረስ መጡ። እኔ የአንድ ባጃጅ ስፒከር ፈትቼ እጄ በሙጫ ተለቅልቋል።

"የታለ?" አሉ።

"ምኑ?"

"ብረቱ ነዋ! ጌታቸው ፍረጂ ብሎኛል።"

ጠሀ ከወንበሩ ብድግ አለ። "እናቴ፣ አረፍ ይበሉ። ሻይ ይምጣልዎት?"

"ሻይ አልጠጣም፤ ለፍርድ ነው የመጣሁት።"

ጠሀ ትልቁን ጆሮ ማዳመጫ በሻሻቸው ላይ አደረገላቸው። ድምፁን ቀነስ አድርጎ ሊከፍት ሲል "ልጅቷ እንደምትሰማው አድርገው፤ የተቀነሰ ምስክር አልሰማም" አሉት። ወላሂ ብሎ ሳቀ፣ ለቀቀው። መጀመሪያ ዘለሉ። ነጠላቸውን ጨበጡ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሁለት ደንበኛ መጣ፤ ጠሀ በምልክት ከበር መለሳቸው። ስድስት ደቂቃ ነው ርዝመቱ፤ እኔ ስድስት ዓመት መሰለኝ። ፍርዱ ለሳቸው ተሰጥቷላ! ሻንጣውን እያሰብኩ ሙጫው እጄ ላይ ደረቀ።

ሲያልቅ ማዳመጫውን ቀስ ብለው አወለቁ።

"ይሄ ሰውዬ" አሉ፣ "ማን ሞቶበት ነው?"

እኔና ጠሀ ተያየን። "አናውቅም እትዬ።"

"አታውቁም? እንዲህ እያለቀሰ እናንተ አንድ ቀን ማን ሞተብህ አትሉም? ስፒከር ትፈትሹበታላችሁ?" ጠሀ አቀረቀረ። እኔም አፈርኩ፤ ጋሼ፣ ሰውዬውን አላውቀው፣ አያውቀኝ።

"ስለዚህ ዘፈን ነው ወይስ አይደለም?" አልኩ።

"ምን ዘፈን አለው ይሄ? ይሄማ ለቅሶ ነው። ለቅሶ በሐዘን ቤት አይከለከልም።"

ዘልዬ ልስማቸው ስል እጃቸውን ዘረጉ። "ቆይ፣ አልጨረስኩም። ለቅሶው ጎደሎ ነው። ድምፁ ግሩም ነው፣ ጉልበትም አለው፤ ግን የሟቹን ስም አይጠራም። እኔ ይርጋዓለም ስንት ለቅሶ ቤት ሙሾ አውርጃለሁ። ስም ያልተጠራበት ለቅሶ አድራሻ እንዳልተጻፈበት ፖስታ ነው፤ የትም አይደርስ።" ከዚያ እዚያው ሱቅ ውስጥ፣ ቻርጀርና ኬብል በተንጠለጠለበት፣ ቀስ አድርገው እንዲህ አሉ፦

ፍሬሕይወት ብዬ ስምሽን ብጣራ፣
ሐይቁ መለሰልኝ ከአሞራው ጋራ።

ጋሼ፣ የእማዬን ስም ስሰማ ደነገጥኩ። ቤታችን ውስጥ ማንም አይጠራውም። እኔ "እማዬ" እላለሁ፤ እትዬ "እህቴ" ይላሉ። ቤት ስገባ የርስዎን ደብዳቤዎች አውጥቼ ፈለግሁ። "እናትሽ" አለ። "የእናትሽ ዓመት" አለ። "ሙት ዓመቷ" አለ። ሦስቱንም ገልብጬ አየሁ፤ ፍሬሕይወት የሚል አንድ ቦታ የለም። ለመናደድ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። እኔም በደብዳቤዎቼ ስሟን አልጻፍኩትም፣ ዛሬ ገና ነው።

ማዳመጫው ከቁም ሳጥኑ ላይ ወርዷል። ሻንጣው ግን እዚያው ነው። እትዬ "ስለ ዘፈኑ ፈረድኩ እንጂ ስላላለቀስሽው አልፈረድኩም" ብለዋል። ሙት ዓመቷ ጥቅምት 23 እሑድ ነው። እፈራለሁ።

ሶሊያና ፍሬሕይወት ሊሉኝ ይችላሉ፤ የአባቴን ስም ለመታወቂያ እተወዋለሁ

ተጨማሪ፦ ፎቶውን አብሬ ልኬዋለሁ። ድንጋዩ ቆሟል።


ፍራንሲስታውን
ጥቅምት 11 ቀን 2018

ሶሊያና ልጄ፣

ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አግኝቼ ነው፤ ስለዚህ ሰላምታውን ባሳጥር እናትሽ ራሷ ትምረኛለች።

ፍሬሕይወት። ፍሬሕይወት። ፍሬ። እኔ "ፍሬው" ነበር የምላት፤ ወንድ አደረግኸኝ እያለች ድንጋይ ትወረውርብኝ ነበር። ቁጣሽ ከየት እንደመጣ እንድታውቂ ብዬ ነው።

ለቀብሯ ያልመጣሁት ፈቃድ አጥቼ ነው ብዬ ለሁሉም ተናግሬአለሁ። ውሸት ነው። ትኬት ቆርጬ አየር ማረፊያ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ካላየሁት ያልሆነ መሰለኝ። ስሟንም ያልጻፍኩት ለዚያው ነው፤ በእጄ ከጻፍኩት እውነት ይሆናል ብዬ። አንቺ አላለቀስኩም ብለሽ በጻፍሽልኝ ጊዜ ዝም ያልኩት እኔም ስላላለቀስኩ ነው። ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ ለማን ይነገራል?

ፎቶው ደረሰኝ። ስሟ ጥሩ ሆኖ ተቀርጿል። አየሁት።

ጥቅምት 23 አትፍሪ። ብታለቅሺም ባታለቅሺም ልጇ ነሽ። እኔ በዚያን ቀን ከሞዲሴ ጋር መኪናው ውስጥ እሆናለሁ፤ ስሟን አስተምሬዋለሁ፣ "ፈሬ" ነው የሚላት።

ጌታቸው


ሐዋሳ
ጥቅምት 29 ቀን 2018

ለምወድዎት ጋሼ፣

ከፍሬሕይወት ቤት ለፍሬሕይወት ወንድም፣ ሙሉ ሰላምታ። እርስዎ እንዴት ነዎት? ጉልበትዎ እንዴት ነው? እጅዎንስ ሰውዬው ለቀቀው? ይኸው ግማሽ ገጽ ባይሆንም ሞክሬአለሁ።

ደብዳቤዎ ዓርብ ደረሰ። ለእትዬ ሳነብ "ተመለስኩ" የሚለው ጋ ስደርስ "ድገሚው" አላሉኝም። ወረቀቱን ተቀብለው አጣጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። አሁንም እዚያው ነው።

እሑድ ጠዋት ገብርኤል ሄድን፣ ፍትሐቱ ደረሰ። ከዚያ ግቢያችን ድንኳን ተጥሎ ሰው በላ፣ ጠጣ፣ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ ተጨቃጨቀ። ከሰዓት በኋላ እትዬ ተነሡና እንጉርጉሮዋን ጀመሩ፤ ያቺን የሐይቁን። ሴቶቹ ተቀበሏቸው። እማማ ገበያነሽ በዓይናቸው እኔን እየወጉ ነው፤ ዘንድሮስ ታለቅስ ይሆን እያሉ። እትዬ ወደኔ ዞር አሉ።

"ልጇ ትጥራት" አሉ።

ተነሣሁ። እንባ ፈለግሁ፤ እንደ ልማዱ ጉሮሮዬ ጋ ቆሟል። ምን ላድርግ ጋሼ? ሌላ የማውቀው መንገድ የለም። ሆዴን ጨበጥኩ፣ አፌን ከፈትኩ፣ በዚያኛው ድምፅ ለቀቅሁት፤

"ፍሬሕይወት!"

አንድ ልጅ ከወንበር ወደቀ። ዛፉ ላይ ያሉት አባ ኮዳ አሞራዎች በአንዴ ተነሡ፤ መቼም ያ ወፍ ለማንም አይነሣም። እማማ ገበያነሽ "በስመአብ" አሉ። አላቆምኩም። ሁለተኛ ጠራኋት፤ ወፍጮው፣ ብረቱ፣ ሁሉም አብሮ ወጣ። በሦስተኛው ላይ ድምፄ ተሰነጠቀና ቀጭን ሆነ፣ የራሴ ሆነ፣ የልጅ ሆነ። ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ አላስታውስም። እትዬ ሲነግሩኝ አንድ ሰዓት አለቀስኩ። ሰዉም ሁሉ አለቀሰ፤ ስለ ሲሚንቶ ሲያወሩ የነበሩት ሳይቀሩ።

ስረጋጋ ራሴን እማማ ገበያነሽ ጭን ላይ አገኘሁት። ፊቴን በነጠላቸው እየጠረጉ "ውይ ልጄ፣ እስከዛሬ ያላለቀስሽው ለካ ሰፈሩ እንዳይፈርስ አስበሽ ነው" አሉኝ። አልቅሼ ሳልጨርስ አሳቁኝ።

ሰኞ ጎረቤቶቹ ጥቁር ሊያስወልቁን መጡ። ለእትዬ ነጭ ቀሚስ ይዘውላቸዋል። "አልፈልግም፣ የራሴ አለኝ" አሉና በሩ ሥር ያለውን ሻንጣ ከፈቱት። ቢጫ ቀሚሳቸው ታች ነበረ፤ እሱን ለማውጣት ሁሉንም አወጡ። ያወጡትን አንድ በአንድ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ሰቀሉት፣ ከእማዬ ልብሶች አጠገብ። "ጨርቅ በሻንጣ ከርሞ ይጨማደዳል" አሉ፤ ለማንም አይደለም፣ ዝም ብለው ነው። ባዶውን ሻንጣ አልጋ ሥር በእግራቸው ገፉት። እኔ ያላየሁ መስዬ ቆምኩ።

ለኔ ደግሞ አረንጓዴ ቀሚስ አምጥተውልኛል። ስለ ትምህርቱ እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ። እያሰብኩበት ነው፤ ማሰብ የጀመርኩት በዚህ ሳምንት ስለሆነ አያጣድፉኝ። ወደ ቀሚሱ ልመለስ። ይዤው ጓዳ ገባሁ፤ የሐዘኑን ልብስ አውልቄ አጥፌ አስቀመጥኩ። ቀሚሱ ቆንጆ ነው፣ ስለብሰው ግን ሰላጣ መሰልኩ። ስለዚህ ጠሀ ለበዓል የሰጠኝን ቲሸርት ለበስኩ፤ ጥቁር ነው፣ ደረቱ ላይ መብረቅ አለበት። ወጣሁ።

"ምነው? ደግሞ ጥቁር?" አሉ እማማ ገበያነሽ። "ኧረ ዓመቷ ወጥቷል! እታፈራሁ፣ ንገሪያት እንጂ!"

እትዬ ቢጫ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ፤ መብረቁ ጋ ትንሽ ቆዩ።

"ተይያት" አሉ። "ያኛው የእናቷ ነበር። ይሄኛው የራሷ ነው።"

ሶሊያና